«ብመጣም አታጫውተኝ»

ጫት የጫነው መኪና ከአወዳይ ተነስቶ፣ ሐረርንና ባቢሌን አልፎ፣ የካራማራን ጠመዝማዛ ሲወርድ ጅግጅጋ ምሳዋን በልታ ትጠብቀዋለች። ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ትልልቁ ሰው ወደ መቃሚያው፣ ተማሪው ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት። እኔ የገባሁበት ቤት ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ በባጃጅ ጥገናና በሻይ ቤት መሀል የተጣበቀ የቆርቆሮ በር ያለው ክፍል ነው። ግድግዳ የተደገፉ አራት ቴሌቪዥኖች፣ ፊት ለፊታቸው ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ መብራት ሲሄድ የሚነሳ አንድ ጀነሬተር። ጨዋታው ከሞላ ጎደል እግር ኳስ ነው። ደንቡ አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ እዚህም ያው ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ከወንበሩ አይነሳም።

ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ባይታወቅም ሥራውን ያውቅ ነበር። ያሸነፈው በነጻ ስለሚጫወት አይወጣም፤ የተሸነፈው ብድሩን ሳይመልስ አይወጣም።

የቤቱ ባለቤት የዱቤ ደብተር አለው። ከፊት ያሉት ገጾች እንደ ማንኛውም ሱቅ ደብተር ስምና ብር ናቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ብር የለም። ስም ብቻ፣ ከስሙ ጎን ደግሞ «እስከ ፈተና»፣ «እስከ ረመዳን»፣ አንዱ ጋ ደግሞ ጭራሽ «ለሁልጊዜ»። ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት።

«እነዚህ ራሳቸው መጥተው ‹ብመጣም አታጫውተኝ› ያሉኝ ናቸው» አለኝ። «ወላሂ እኔ የምበላው ከእነሱ ነው። ግን የመጀመሪያው ልጅ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አባቱ የሰጠውን የመጽሐፍ ብር እዚህ ጨርሶታል። ምን ልበለው?»

«ከዚያስ?»

«በሳምንቱ መጣ። ‹አዴር (አጎቴ)፣ አንድ ጌም ብቻ› አለኝ። ደብተሩን አሳየሁት። ተሳድቦ ወጣ።» ትንሽ ሳቀ። «ማታ ሰው ነገረኝ፤ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤት ሄዶ ሲጫወት አመሸ።»

ባለቤቱ ሳያውቀው የሠራው ነገር በሌላው ዓለም ሕግ ወጥቶለት፣ ቢሮ ተከፍቶለት የሚሠራ አሠራር ነው። ሰው በሰላሙ ሰዓት፣ ነገ የሚደክመውን ራሱን አስቀድሞ ያሳግዳል። የተጀመረው ከቁማር ነው። በአሜሪካ የሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 ቁማርተኞች በገዛ ፊርማቸው ራሳቸውን ከግዛቱ ካሲኖዎች በሙሉ የሚያሳግዱበትን መዝገብ ከፈተ። መጀመሪያ ላይ እገዳው ለዕድሜ ልክ ነበር፤ የፈረመ ሰው ካሲኖ ውስጥ ቢገኝ እንደ ሰርጎ ገብ ይከሰስ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ጋምስቶፕ የሚባል አገልግሎት ተጀመረ። አንድ ሰው ስሙንና አድራሻውን አንድ ጊዜ ያስመዘግብና ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ይመርጣል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት አቋማሪ ሁሉ በዚህ መዝገብ የመገዛት ግዴታ አለበት። የመረጠው ጊዜ ሳያልቅ «ተሻለኝ፣ ክፈቱልኝ» ማለት አይቻልም።

የጅግጅጋው ደብተር የጎደለው ይህ ሁሉንም ቤት የሚገዛ መዝገብ ነው። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤት ደብተሩን አያውቀውም።

ለቪዲዮ ጨዋታ ግን እንደ ጋምስቶፕ ያለ አንድ መዝገብ የትም አገር በሰፊው አልተዘረጋም። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቁማር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካለ ግዴታ የሚጥል አለ። ፐብጂን ወይም ፍሪ ፋየርን ስልኩ ላይ ለሚጭን የጅግጅጋ ልጅ ግን ፈቃድ ሰጪም ከልካይም የለም፤ ኩባንያው ያለው ሌላ አህጉር ነው፣ ልጁን የሚያውቀውም በቅጽል ስም ነው።

ወደዚህ ሐሳብ በጣም የቀረበችው ደቡብ ኮሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የኢንተርኔት ጨዋታ እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ልጆቹ በእናትና በአባታቸው የመታወቂያ ቁጥር እየገቡ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ ጨዋታውም ቀስ በቀስ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሸሸ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ ላይ ተሻረ። ሳይሻር የቀረው ከጎኑ የነበረው ሁለተኛው ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ራሱ ወይም ወላጁ «በእነዚህ ሰዓቶች አታስገቡኝ» ብሎ ኩባንያውን የሚጠይቅበት ሥርዓት። መንግሥት በሁሉም ላይ የጫነው ወድቆ፣ ሰው መርጦ የሚገባበት ቆመ። ቻይና በሌላው መንገድ ገፍታበታለች። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚጫወቱት አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው።

የኛ አገር ሰው ተገድዶ መታገድን ከኮሪያም ከቻይናም በላይ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ከጨዋታ የተላቀቁ ነበሩ። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት ያን ጊዜ ያስታውሰዋል። «ድኛለሁ ብዬ ነበር» አለኝ። «ኢንተርኔት የተለቀቀ ዕለት ሌሊቱን አልተኛሁም።»

ከዚህ ወጣት ጋር ልቆይ፤ ራስን የማሳገድን መንገድ ከሞላ ጎደል ሄዶ የጨረሰ እሱ ነውና። መጀመሪያ ያደረገው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። አፑን ሰረዘው። በማግስቱ መልሶ ጫነው። ደግሞ ሰረዘው። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን የሰዓት ገደብ አገኘ። ጉግልም አፕልም ይህን መሣሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አንድሮይድ ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ይባላል። አንድ ጨዋታ በቀን ስንት ደቂቃ እንዲከፈት ትወስናለህ፤ ደቂቃው ሲያልቅ አፑ ይዘጋል። ችግሩ ገደቡን ያስገባውም የሚያነሳውም ያው ጣት መሆኑ ላይ ነው። «አንድ ሰዓት ብዬ አደርገዋለሁ፤ ሲያልቅ ገብቼ ሁለት አደርገዋለሁ» አለ። «ሌሊት ላይ እኮ እኔ ሌላ ሰው ነኝ።»

ሦስተኛው ሙከራው አካውንቱን ማስጠፋት ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ ማጥፊያውንም እዚያው ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ቁልፉን ማግኘት ከባድ አይደለም። በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ደግሞ ስቲም ላይ የገዛውን ጨዋታ ከአካውንቱ ለዘለቄታው ማስነሳት ይችላል። ነገር ግን ብዙ የስልክ ጨዋታዎች «አጥፉልኝ» ካልክ በኋላ የመጠባበቂያ ቀናት ይሰጡሃል። ተመልሰህ ከገባህ ጥያቄህ ይሰረዛል። ለተረጋጋ ሰው ይህ ጥበቃ ነው፤ በስህተት ወይም በሌላ ሰው እጅ አካውንቱ እንዳይጠፋበት። ለሱሰኛ ግን ከፊቱ የተከፈተ በር ነው። የወቅቱ ሽልማት ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት ይመጣል። ጓደኞች «ስኳዱ ጎደለ» ይላሉ። ወጣቱ በመጠባበቂያው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ጨዋታዎቹ የተሠሩት እንዲህ ነው። በየቀኑ ለገባ ስጦታ፣ ቀን ለዘለለ ኪሳራ፣ በየወቅቱ የሚታደስ ደረጃ፣ ብቻህን የማትጫወተው ቡድን። መውጣት ጓደኛ ጥሎ እንደመሄድ እንዲመስል ተደርጎ የታሰበ ሥራ ነው። ስለዚህ «ራሱን መግዛት ያቃተው ልጅ» የሚለውን ፍርድ እኔ በግማሽ ልብ ነው የምሰማው።

የሠራለት አራተኛው ነው፤ እሱም ቴክኖሎጂ አልነበረም። የገደቡን የይለፍ ቁጥር የዶርም ጓደኛው እንዲያስገባና ለራሱ እንዳይነግረው ለመነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቀስቅሶት ቁጥሩን ጠየቀው፤ ጓደኛው ፊቱን አዙሮ ተኛ። በማግስቱ ተጣሉ። ከዚያ ጓደኛው አንድ ደንብ አወጣ። «መለወጥ ከፈለግህ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብቻ ጠይቀኝ።» ዓርብ ሲደርስ ልጁ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ የፈለገው ሰኞ ሌሊት ነበርና።

የእንግሊዙ ጋምስቶፕ የስድስት ወር ቀነ ገደብና የዶርሙ የጁምዓ ደንብ አንድ ሥራ ይሠራሉ። በፍላጎትና በድርጊት መካከል ጊዜ ያስገባሉ፤ ጊዜውን ደግሞ ከባለጉዳዩ እጅ ያወጣሉ። ይህ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁብ የሚገባ ሰው ብሩን ቤቱ ማስቀመጥ አቅቶት አይደለም፤ ቤት ያለ ብር እንደማይበረክት ያውቃል እንጂ። ዳኛውና ጸሐፊው፣ በየሳምንቱ የሚጠብቁት አባላት፣ ዕጣ ሲወጣ የሚጠራው ዋስ፣ ሁሉም ሰውየውን ከራሱ የሚጠብቁ ናቸው። የይለፍ ቁጥሩን ለጓደኛ መስጠት የስልክ ዕቁብ ነው።

ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ቀብሪበያህ ላይ፣ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ከዒሻ ሶላት በኋላ የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ከገንዘብ ሣጥናቸው ጋር ይቆልፉታል። ይህን ያመጡት እሳቸው አይደሉም። «እኔ ስቀማው በር ሰብሮ ይወጣ ነበር» አሉኝ። «አንድ ማታ ግን ራሱ መጣና ‹ሆዮ (እማዬ)፣ ያዢልኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ› አለኝ። አሁን ሲለምነኝ ‹አንተ ነህ አትስጪኝ ያልከኝ› እለዋለሁ። ምን ይመልሳል?»

የተቀማ ስልክ ጠላት ያፈራል፤ በአደራ የተሰጠ ስልክ ግን ባለአደራ ነው ያለው። የሶማሌ ማኅበረሰብ አማና የሚለው፣ አማርኛ ተናጋሪውም አደራ የሚለው ነገር ክብደት ያለው በመሆኑ እናቲቱ ልጃቸውን የሚያሸንፉት በጉልበት ሳይሆን በገዛ ቃሉ ነው።

ያም ሆኖ ቀዳዳው ብዙ ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ አንድ ኪስ ውስጥ የኢትዮጵያ ሲም፣ ሌላው ኪስ ውስጥ የሶማሌላንዱ ቴሌሶም ሲም ይኖራል፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። ፓኬጅ ያለቀበት ተጫዋች የአየር ሰዓት ብድር ይወስዳል። በጥቂት ብር የዕለት ፓኬጅ መግዛት የሚያስገድደው ባዶ ኪስ ራሱ አንድ ገደብ ነበር፤ ብድሩና ያልተገደበው ፓኬጅ ያንን ገደብ አንስተውታል። በጨዋታ ውስጥ የሚወጣ ገንዘብም እንዲሁ ነው። እዚህ አካባቢ የውጭ አገር ክፍያ የሚቀበል ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ተጫዋቹ የጨዋታውን ገንዘብ፣ ዩሲ ወይም ዳይመንድ፣ የሚገዛው ከደላላ፣ ክፍያውን በሄሎካሽ፣ በኢብር ወይም በቴሌብር እየላከ ነው። ይህ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ተጫዋች አንድ የተሻለ ነገር ይሰጠናል። በመሀል ሰው አለ። ሰው ደግሞ «ለእኔ አትሽጥ» ሊባል ይችላል። እስካሁን ያነጋገርኳቸው ተጫዋቾች ይህን አላሰቡትም።

ሁሉም ተጫዋች ታማሚ ነው እንዳይባል እዚህ ላይ ልቁም። የዓለም ጤና ድርጅት «የጨዋታ መታወክ» ያለውን ሕመም በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2022። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም እንደ ደንቡ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ይህ ችግር ያለባቸውን 3 ከመቶ ገደማ ያደርሳቸዋል፤ ጥብቅ ናሙና የወሰዱት ጥናቶች ብቻ ሲቆጠሩ ወደ 2 ከመቶ ይወርዳል።

በዚያው ዓመት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ተማሪዎች 85 ከመቶው የኢንተርኔት ሱስ እንዳለባቸው አስታውቋል። እኔ ይህን ቁጥር አልቀበለውም። ከመቶ ሰማንያ አምስቱን በሽተኛ የሚል መለኪያ በሽታን ሳይሆን ዘመኑን ነው የለካው። በጥናቱ ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ግን ለጅግጅጋ ከቁጥሩ ይበልጣል። ችግሩ በርትቶ የተገኘው የኢንተርኔት ጨዋታ በሚጫወቱ፣ የአእምሮ ጭንቀት ባለባቸውና ጫት በሚቅሙ ተማሪዎች ላይ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ጊዜ አይቆጥርም፣ እንቅልፍ አይመጣበትም፤ ማለቂያ የሌለው ጨዋታ የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ሰው ነው። መቃሚያውና ፕሌይስቴሽን ቤቱ ከሰዓት በኋላ ቢለያዩም ሌሊት አንድ ስልክ ላይ ይገናኛሉ። ጨዋታውን አግዶ ጫቱን ያልነካ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

እገዳ ሕክምና አለመሆኑም እዚሁ ላይ ይታያል። የዶርሙ ልጅ ሌሊቶቹን ሲያገኛቸው ባዶ ሆኑበት፤ ከጨዋታው በፊትም እንቅልፍ አልነበረውም። እንዲህ ላለ ሰው በጅግጅጋ የካራማራ ሆስፒታልም፣ የዩኒቨርሲቲው ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታልም ቅርቡ ናቸው። «የጨዋታ ሱስ» የሚል በር አይፈልግ። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ድባቴውን፣ ጭንቀቱን ይዞ ይግባና ጨዋታውንም ይናገር።

የአስራ ሁለተኛ ክፍሉን ልጅ የሚያስጨንቀው ደግሞ የፈተናው ቁጥር ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ተፈታኙ ስልኩን ቤቱ ትቶ ግቢ ገብቶ ለቀናት ይቆያል። ለብዙዎቹ ከስልክ ውጭ ያደሩበት የመጀመሪያው ሳምንት ያ ነው፤ ለፈተናው ግን ወራት ዘግይቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ወላጆች እንዲያውቁት ያስፈልጋል። ከጨዋታው ወደ ውርርዱ ያለው መንገድ አጥሯል። አቪዬተር የሚባለው፣ ትንሿ አውሮፕላን ከፍ እያለች ድንገት የምትጠፋበት፣ ለልጅ ዓይን ጨዋታ ነው፤ በሥራው ግን ቁማር ነው። ጎረቤት ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ቲክቶክን፣ ቴሌግራምንና ዋን ኤክስቤት የተባለውን አቋማሪ አንድ ላይ እንዲዘጉ አዛለች። ሁሉንም መዝጋት ከኛም አገር ባለሥልጣን አፍ ሳይጠፋ የሚኖር ሐሳብ ነው። ግን የተዘጋ ቤት ሌላ ሰፈር ይከፈታል፤ የተዘጋ ድረ ገጽ በቪፒኤን ይከፈታል። በራሱ ፈቃድ የታገደ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአጋቹ ጎን ቆሟል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፤ ፈቃድ ሲያድስ «ራሱን ያሳገደን ሰው አላጫውትም» የሚል ግዴታና ለሁሉም ቤቶች አንድ የጋራ መዝገብ ማስገባት ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የጸደቀው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ የእንግሊዙን ዓይነት መዝገብ ለመሥራት የጎደለ መሣሪያ የለም፤ የመዝገቡን ምስጢር የሚጠብቅ ደንብ ግን አብሮ መውጣት አለበት፤ የሱሰኞች ስም ዝርዝር ገበያ ላይ ቢወጣ ከሱሱ የከፋ ነው። ቴሌኮሞቹም እንደዚሁ። ብድር ለመስጠት አጭር ቁጥር ካላቸው «ለሦስት ወር ብድር አትስጡኝ» የሚባልበት አጭር ቁጥር ማውጣት አያቅታቸውም።

ሁለተኛው መንግሥትን አይጠብቅም። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈታችሁ ወንድሞች፣ እርስ በርሳችሁ ትተዋወቃላችሁ። ጆይስቲክ የምትገዙት ከአንድ ነጋዴ፣ ስታስጠግኑም አንድ ሰው ጋ ነው። የራሱን ስም ራሱ ያስጻፈ ልጅ ሲኖር በስልክ ተነጋገሩ፤ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤትም ይወቀው። ዱቤ ያልከፈለን ደንበኛ ስም እንደምትነጋገሩት ሁሉ።